የሰው ፓስወርድ አየሁ፣ አሁን ምን ላድርግ?

ጥያቄ 1

ሰላም ለአዘጋጁ። ገላን አካባቢ ያለ አንድ ፋብሪካ ውስጥ አይቲ ነኝ፣ አይቲ ስልህ ብቻዬን ነኝ፣ ፕሪንተር ሲበላሽም ካሜራ ሲጠፋም የጣት አሻራ ማሽኑ ሰው አላውቅም ሲልም የምጠራው እኔው ነኝ። ባለፈው ወር መጨረሻ ደሞዝ ሊሠራ ሲል የፔይሮል ሲስተሙ ተንቀራፈፈና ፋይናንስ ክፍል ጮኸብኝ። እኔም ሰርቨሩ ላይ ዋየርሻርክ የሚባለውን በኔትወርክ የሚያልፈውን የሚመዘግብ ፕሮግራም ጫንኩና ግማሽ ሰዓት ያህል ትራፊኩን ያዝኩት። ምክንያቱ ሌላ ሆኖ ተገኘ፣ አንድ ኮምፒውተር በሥራ ሰዓት ባክአፕ እየገለበጠ ኔትወርኩን አጨናንቆት ነው። ግን ፋይሉን ሳገላብጥ ምን ባይ ጥሩ ነው፣ ፋይናንስ ያሉት እትዬ የሚገቡበት ዩዘርኔምና ፓስወርድ ቁልጭ ብሎ ይነበባል! ስክሪንሹት አንስቼ "ይሄ ኖርማል ነው ወይ" ብዬ የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ልለጥፈው ነበር፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ለአለቃዬ ብነግረው "ማን ሰልል አለህ" ይለኛል፣ ዝም ብል ደሞ ነገ የሆነ ብር ቢጎድል መጀመሪያ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ሲስተሙን የሠራው ልጅ ውጪ ሄዷል፣ ስልክ አያነሳም። ምን ትለኛለህ?

የገላኑ አይቲ

መልስ

ወንድሜ፣ እጅህ አልታዘዝ ማለቱ በጀህ። ያን ስክሪንሹት ለጥፈኸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንጽፍልህ ሌላ መልስ ነበር።

መጀመሪያ ያየኸው ነገር ምን እንደሆነ እንነጋገር። ሲስተሙ የሚሠራው በኤችቲቲፒ፣ ማለትም ፖርት (የሰርቨሩ በር ቁጥር) 80 ላይ ነው ብዬ እገምታለሁ፣ አድራሻው በ192.168 የሚጀምር ቁጥር ሆኖ ብሮውዘሩ አጠገቡ "ኖት ሴኪዩር" ይላል አይደል? ኤችቲቲፒ ማለት ያልታሸገ ፖስታ ነው፣ እትዬ ሎጊን ሲጫኑ ፎርሙ ላይ የጻፉት ነገር እንዳለ በሽቦው ላይ ይሄዳል፣ ሲስተሙ ፓስወርዱን ዳታቤዝ ውስጥ ሃሽ አድርጎ (ወደማይመለስ ኮድ ቀይሮ) ቢያስቀምጠው እንኳ መንገድ ላይ ያለው ራቁቱን ነው። አንተ ጎበዝ ሀከር ስለሆንክ አይደለም ያየኸው፣ ማንም ያንን ፋይል የከፈተ ሰው ያየዋል፣ ዋየርሻርክ ውስጥ ፓኬቱ ላይ ራይት ክሊክ አድርጎ "ፎሎው" ማለት ብቻ ነው። እንደውም ቱልስ ሜኑ ውስጥ "ክሬደንሻልስ" የሚል አለ፣ ከኤችቲቲፒ፣ ፋይል ከሚላክበት ኤፍቲፒና ከኢሜይል ፕሮቶኮሎች ያገኘውን ዩዘርኔም ከነፓኬት ቁጥሩ ይደረድርልሃል። ምንም ምትሃት የለውም።

እኔ ዋየርሻርክ መጀመሪያ የከፈትኩ ቀን ያገኘሁት የራሴን ፓስወርድ ነው፣ አንድ ስዊች (ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኝ ሳጥን) ውስጥ በቴልኔት፣ ማለትም ከሩቅ ሆነህ ትዕዛዝ በምትጽፍበት የድሮ መንገድ ስገባ። ቴልኔት የምትጽፈውን ፊደል በፊደል ነው የሚልከው፣ ዩዘርኔም ስትጽፍ ስዊቹ እያንዳንዱን ፊደል መልሶ ያስተጋባልሃል፣ ስለዚ ስትሪሙ ላይ "አድሚን" የሚለው እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ሁለቴ ሆኖ ይታያል፣ ፓስወርዱ ሲደርስ ግን ማስተጋባቱ ይቆምና አንድ አንድ ፊደል ብቻ ይሆናል። ያን ቀን ፊቴ ነው የቀላው፣ ዓመት ሙሉ ስጠቀምበት የነበረ ፓስወርድ ነበራ።

አሁን ወደ እትዬ። ፓስወርዱ እውነት ይሠራል ወይ ብለህ እንዳትሞክረው! አንድም ጊዜ። አይቶ ዝም ያለ ሰውና ገብቶ የሞከረ ሰው በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 3 ላይ ያለፈቃድ መግባትን፣ አንቀጽ 4 ላይ ደሞ ያለፈቃድ የሰው ዳታ መጥለፍን ይከለክላል፣ ከተሰጠህ ፈቃድ ማለፍም እዛው ውስጥ ነው። አንተ አይቲ ነህ፣ የኔትወርክ ችግር ስትፈልግ ነው ያገኘኸው፣ ያ የሚረዳህ ነገር ነው፣ ግን በወረቀት የተጻፈ ነገር እንደሌለህ ከደብዳቤህ ገብቶኛል።

ቀጥሎ እትዬን ለብቻቸው አግኛቸው። ሰው ፊት አይሆንም፣ ሻይ ሰዓት ላይ ሰብሰብ ብለው ባሉበትም አይሆንም። ፓስወርዱን በአፍህ አትጥራው፣ "እትዬ፣ ሲስተሙ ሎጊንዎን ሳይሸፍን ነው የሚልከው፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ ይቀየር" በላቸውና ያንኑ ፓስወርድ ኢሜይላቸው ላይ ወይም የባንክ አፕ ላይም ከተጠቀሙበት እዛም እንዲቀይሩ ንገራቸው። ብዙ ሰው አንዱን ቁልፍ ለሁሉም በር ነው የሚጠቀመው፣ ትልቁ አደጋ እሱ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ አይቲ የሚስተው ነገር አለ። እትዬ ከራሳቸው ኮምፒውተር በዛው ኤችቲቲፒ ገጽ ገብተው ፓስወርድ ቢቀይሩ አዲሱም ራቁቱን ነው የሚሄደው! እንደውም "አሮጌው ፓስወርድ"፣ "አዲሱ ፓስወርድ"፣ "አዲሱ በድጋሚ" የሚሉት ሦስቱም ባንድ ፓኬት። ስለዚ ወይ መንገዱን መጀመሪያ ዝጋ፣ ወይ ለጊዜው እትዬን ሰርቨሩ ያለበት ክፍል ወስደህ እዛው ሰርቨሩ ላይ በሎካልሆስት ይቀይሩ፣ ትራፊኩ ከማሽኑ አይወጣም። ደሞ ሲቀይሩ ዞር በልላቸው።

መንገዱን መዝጋቱ ሠሪው ልጅ ስልክ ባያነሳም ይቻላል። ኮዱን መንካት የለብህም። እዛው ሰርቨር ላይ ሪቨርስ ፕሮክሲ ትጭናለህ፣ ኤንጂንኤክስ ወይ ካዲ፣ እሱ በፖርት 443 በኤችቲቲፒኤስ ይቀበላል፣ ከዛ ከውስጥ ለሲስተሙ ያቀብላል። ከዛ በዊንዶውስ ፋየርዎል ፖርት 80ን ከውጪ ትዘጋለህ፣ ይሄን ከረሳህ ሰው ሁሉ ቡክማርክ ያደረገውን የድሮ አድራሻ እየተጫነ ልፋትህ ገደል ይገባል። ለኤችቲቲፒኤሱ የሚያስፈልገውን ሰርተፊኬት የራስህ ሲኤ (ሰርተፊኬት የሚፈርም) ፈጥረህ ማውጣት ትችላለህ፣ ሲኤውን የፋይናንስና የሰው ሀብት ኮምፒውተሮች ላይ ትጭነዋለህ፣ ኮምፒውተሮቹ ከአሥር ስለማይበልጡ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። "ዋርኒንጉን ዝም ብላችሁ እለፉት" እንዳትላቸው ብቻ፣ ሰውን ዋርኒንግ ማለፍ ካስለመድከው ነገ የምር አደጋ ሲመጣም ያልፈዋል።

አለቃህ "ከግቢ አይወጣም እኮ፣ ምን ያስፈራል" ይልሃል፣ ይሄን ሳልሰማ የዋልኩበት ድርጅት የለም። መልሱን ይዘህ ግባ። ለእንግዳ የምትሰጡት ዋይፋይ እዛው ኔትወርክ ላይ ነው ወይስ ተለይቷል? ጥበቃ ቤቱ ጋ ላለው ካሜራ የተዘረጋው ኬብል ማታ ማን ያየዋል? ማሽን ሊጠግን የሚመጣው ሰው ላፕቶፑን የሚሰካው የት ነው? ቫይረስ የያዘ አንድ የስቶር ኮምፒውተር በቂ ነው። ዋየርሻርክ የስለላ ዕቃ ነው ካለህ ደሞ ታሪኩን ንገረው፣ ጄራልድ ኮምብስ የሚባል ኢንጂነር ነው በፈረንጆቹ 1998 ኢቴሪያል በሚል ስም ያወጣው፣ ትንሽ የኢንተርኔት ድርጅት ውስጥ እየሠራ የኔትወርክ ችግር መፈለጊያ አጥቶ፣ አሁን ያለውን ስም ያገኘው በ2006 ነው። አንተም የተጠቀምክበት ለዛው ነው፣ ኔትወርክ ተንቀራፎ።

ለአለቃህ የምትሰጠው አንድ ገጽ ወረቀት ይሁን። መቼ እንደያዝክ፣ ለምን እንደያዝክ፣ ከየትኛው አይፒ ወደ የትኛው አይፒ፣ በየትኛው ፖርትና ፕሮቶኮል፣ ስንት አካውንት እንደተጋለጠ። ፓስወርዱ አይጻፍ፣ በኮከብ ተሸፍኖም ቢሆን፣ የመጀመሪያ ፊደሉም ቢሆን። ስክሪንሹት አስፈላጊ ከሆነ አደብዝዘህ ሳይሆን በጥቁር ሸፍነህ፣ ማደብዘዝ አንዳንዴ ይገለበጣል። ከታች "ከዚህ በኋላ ለደህንነት ምርመራ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ትራፊክ እንድይዝ ይፈቀድልኝ" የሚል መስመር ጨምርና አስፈርመው። ሰልል አለህ ወይ የሚለው ጥያቄ እዛ ጋ ያልቃል።

የያዝከው ፋይልስ? እሱ አሁን የፋብሪካው በጣም አደገኛ ፋይል ነው፣ ምክንያቱም የእትዬ ብቻ አይደለም ያለበት። ፍላሽ ላይ ካለ፣ ዴስክቶፕ ላይ ካለ፣ ወደራስህ ቴሌግራም "ሴቭድ ሜሴጅ" የላክኸው ካለ (ልከሃል አይደል?) ሁሉንም ሰብስብ። ሪፖርቱ እስኪያልቅ አንድ ቦታ ብቻ ተቆልፎ ይቀመጥ፣ ከዛ ይጥፋ። ፔይሮል ማለት የሰው ደሞዝና ስም ነው፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁ 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደሞ ዝም ብሎ ማከማቸቱ ድርጅቱንም ያስጠይቃል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ለሌላ ጊዜ የሰው ፓስወርድ ሳታይ እንዴት ታገኛለህ የሚለው። እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሲስተም ላይ ምንም ሥልጣን የሌለው የሙከራ አካውንት እከፍታለሁ፣ ፓስወርዱን ሌላ ቦታ በፍጹም የማይገኝ ረጅም ቃል አደርገዋለሁ፣ በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ። ከዛ ካፕቸር (ትራፊክ መያዝ) አስጀምሬ በዛ አካውንት እገባለሁ፣ ካፕቸሩን አቆምና ያቺን ቃል ፋይሉ ውስጥ እፈልጋለሁ፣ ዋየርሻርክ ላይ ኮንትሮልና ኤፍ ተጭነህ "ስትሪንግ" እና "ፓኬት ባይትስ" የሚሉትን መርጠህ። ተገኘች? መንገዱ ክፍት ነው። የማንንም አላየሁም፣ የራሴን ወጥመድ ነው ያየሁት።

ለምን ፊደልና ቁጥር ብቻ አልኩ መሰለህ፣ እንደ ኤት ያሉ ምልክቶች በፎርም ሲላኩ ወደ ፐርሰንትና ቁጥር ይቀየራሉ፣ ፍለጋው ያልፋቸዋል፣ አንተም "የለም፣ ሰላም ነው" ብለህ ትቀመጣለህ። ቤዝ 64ም እንደዛው ያታልላል። አንዳንድ ሲስተም፣ የራውተርና የካሜራ ገጾች በተለይ፣ ፎርም ሳይሆን ብሮውዘሩ ራሱ በሚያወጣት ትንሽ መስኮት ነው የሚያስገቡህ፣ ያ ቤዚክ ኦተንቲኬሽን ነው። ፓኬቱ ላይ ዝብርቅርቅ ያለ ፊደል ታያለህ፣ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ የእኩል ምልክት ያለበት፣ ሰው "ኢንክሪፕትድ ነው" ብሎ ያልፈዋል። አይደለም! የፊደል ቅያሪ ነው፣ ቁልፍ የለውም፣ ማንም በሰከንድ ይመልሰዋል፣ ዋየርሻርክ ራሱ ፈትቶ ከሥሩ ይጽፍልሃል። ስለዚ የሙከራ ዩዘርኔምህንና ፓስወርድህን በ":" ምልክት አገናኝተህ ወደ ቤዝ 64 ቀይረህ እሱንም ፈልግ።

ስትይዝ ደሞ ካፕቸር ፊልተር ተጠቀም፣ የሙከራ ኮምፒውተርህን አይፒና የሰርቨሩን ፖርት ብቻ። ካፕቸር ፊልተርና ዲስፕሌይ ፊልተር አንድ አይደሉም፣ የመጀመሪያው ያልፈለግከውን ጭራሽ አይመዘግብም፣ ሁለተኛው ግን መዝግቦ ከዓይንህ ይደብቃል እንጂ ፋይሉ ውስጥ አለ። ከራስህ ላፕቶፕ ሆነህ የሁሉን ትራፊክ ለምን አላየሁም ካልክ፣ ስዊች ለእያንዳንዱ የራሱን ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ፖርት ሚረሪንግ፣ ማለትም የአንዱን ፖርት ትራፊክ ለሌላው መገልበጥ የሚችል ስዊች ያስፈልግሃል፣ ከመርካቶ የገዛናት ባለ 8 ፖርቷ ርካሽ ስዊች አትችልም፣ ያኔ ሰርቨሩ ራሱ ላይ መያዝ ነው።

ከፔይሮሉ ሌላ የምትፈትሽልኝ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ፎቶኮፒ ማሽናችሁ ነው፣ ስካን አድርጎ ወደ ፎልደር የሚልክ ከሆነ። ብዙዎቹ በኤፍቲፒ ነው የሚልኩት፣ ኤፍቲፒ ደሞ በፈረንጆቹ 1985 የወጣ ስታንዳርድ ነው፣ ፖርት 21 ላይ ዩዘርና ፓስ ብሎ በግልጽ ያወራል። እና ማሽኑን የገጠመው ሰው "እንዳያስቸግር" ብሎ የሰጠው የአድሚኒስትሬተር ፓስወርድ ሆኖ ይገኛል! አንድ ቦታ በአንድ ስካን የሰርቨሩን ሙሉ ቁልፍ ያገኘሁበት ጊዜ አለ፣ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። አንድ ፎልደር ውስጥ መጻፍ ብቻ የሚችል አካውንት ስጠው፣ ማሽኑ የታሸጉትን ኤስኤፍቲፒ ወይ ኤፍቲፒኤስ ከቻለ ወደዛ ቀይር። ሁለተኛው የካሜራው ዲቪአር (ቀረጻውን የሚያስቀምጠው ማሽን) ነው፣ እሱን ለብቻው ቪላን (የተለየ የኔትወርክ ክፍል) ላይ አውጣው፣ ፓስወርዱ ከፋብሪካ እንደመጣ ከሆነ ደሞ ዛሬውኑ።

ጥያቄ 2

እንደምን አላችሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ ዋይፋይ ብቻዬን አልችልም ብዬ ከሦስት ጎረቤት ጋ በጋራ አስገብተን ነው የምንከፍለው። ከጎረቤቶቼ አንዱ ልጅ ኮምፒውተር የተማረ ነው፣ ሲቀልድ "የሁላችሁም ነገር እኔ ጋ ይታየኛል" ይላል። እኔ ደሞ በዚሁ ዋይፋይ ቴሌብርም የባንክ አፕም እጠቀማለሁ። እውነት ያየዋል እንዴ? እንቅልፍ ነሳኝ።

የልጆች እናት ከኮዬ

መልስ

እህቴ፣ ተኚ። የባንክ አፕና መሰሎቹ ቲኤልኤስ በሚባል ምስጠራ ታሽገው ነው የሚሄዱት፣ ጎረቤትሽ ትራፊኩን ሙሉ በሙሉ ቢይዘው እንኳ የሚያየው የታሸገ ፖስታ ነው። የዋይፋዩን ፓስወርድ ስለሚያውቅ የዋይፋዩን ሽፋን ሊገልጥ ይችል ይሆናል፣ ተራው ደብሊውፒኤ2 (የዋይፋይ መቆለፊያ ዓይነት) ላይ ስልክሽ ዋይፋዩ ውስጥ ስትገባ የምትለዋወጠውን ከያዘ ይቻላል፣ ግን ከሥሩ ያለው የአፑ እሽግ ሌላ ነው፣ እሱ አይከፈትለትም። ኮከብና መሰላል እየጫንሽ የምትጠቀሚው ከሆነ ደሞ ጭራሽ በዋይፋይ አይሄድም፣ በስልክ መስመር ነው።

ምኑ ሊታየው ይችላል ካልሽ፣ የትኛው ሳይት እንደገባሽ፣ ስሙን ብቻ። ቲክቶክ ላይ እስከ ሌሊት እንደቆየሽ ሊያውቅ ይችላል፣ ያው እሱም የሰው ነገር ነው፣ ደስ አይልም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በፈረንጆቹ ጥቅምት 2010 ኤሪክ በትለር የሚባል ፕሮግራመር ፋየርሺፕ የምትባል ትንሽ የፋየርፎክስ ተጨማሪ አወጣ፣ ካፌ ውስጥ በክፍት ዋይፋይ የተቀመጠ ሰው የፌስቡክ አካውንት ውስጥ ባንድ ክሊክ የምታስገባ። ፓስወርድ እንኳ አላስፈለጋትም፣ ከገባሽ በኋላ ብሮውዘርሽ የሚይዛትን ኩኪ፣ ማለትም መግባትሽን የምታስታውስ መለያ ነበር የምትወስደው፣ ምክንያቱም ያኔ ሎጊኑ ቢታሸግም ቀሪው ገጽ አይታሸግም ነበር። ያወጣው ሰውን ለማዘረፍ ሳይሆን ድርጅቶቹ እንዲያፍሩ ነው፣ አፈሩም፣ ከዛ ወዲህ ትላልቆቹ ሳይቶች ሁሉ ሙሉ በሙሉ ወደ ኤችቲቲፒኤስ ገቡ። ክሮምም ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ ሳይታሸግ ፓስወርድ የሚጠይቅ ገጽ ላይ "ኖት ሴኪዩር" እያለ ማሳጣት ጀመረ።

ላንቺ የሚያሰጋሽ ሌላ ነው። ራውተሩ የማን ቤት ነው ያለው? የራውተሩ አድሚን ፓስወርድ አሁንም ተለጣፊው ላይ የተጻፈው ከሆነ ያ ልጅ ገብቶ መንገዱን ሊያዞረው ይችላል፣ ያኔ የውሸት ገጽ ሊመጣብሽ ይችላል። ስለዚ ባንክ በብሮውዘር ስትገቢ "ግንኙነትዎ የግል አይደለም" የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ ከመጣ አትለፊው፣ ዝጊውና በዳታ ሞክሪ። አራታችሁም ተሰብስባችሁ የራውተሩን ፓስወርድ ቀይሩት፣ የወር ክፍያ ስትሰበሰቡ ማለት ነው። እና በስልክ ደውሎ "ከባንክ ነው፣ የመጣልሽን ቁጥር ንገሪኝ" ለሚል ሰው እንዳትነግሪ፣ ከዋይፋዩ ይልቅ በዛ ነው ሰው የሚዘረፈው።

ልጁን ደሞ እስኪ "ምን ታየህ?" በይው። ምንም አይመልስልሽም።

ጥያቄ 3

ሰላም፣ ቡራዩ ነኝ፣ ሦስተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ። ካፌ ሄጄ ዋይፋይ ላይ የሰው ትራፊክ ይዤ ፓስወርድ መፈለግ ልለማመድ ብል ችግር አለው? ለመማር ብቻ ነው።

መልስ

አዎ ችግር አለው፣ ለገላኑ ልጅ የጻፍኩትን አንቀጽ 4 መልሰህ አንብብ፣ "ለመማር ነው" የሚል ቀዳዳ አላየሁበትም። ደሞ ካፌ ሄደህ ምንም አታገኝም፣ ዛሬ ካፌ ላይ ያለው ትራፊክ ከሞላ ጎደል የታሸገ ነው፣ የማኪያቶ ብር ነው የምትከስረው።

ቤትህ ሥራው። ቨርቹዋልቦክስ ጫንና ሁለት ማሽን አስነሳ፣ አንዱ ላይ ኤፍቲፒ ሰርቨር፣ ሌላው ላይ ዋየርሻርክ፣ ራስህ ግባ ራስህ ያዝ። ከዛ ያንኑ በኤስኤስኤች (የታሸገ የመግቢያ መንገድ) ድገመውና ሁለቱን ካፕቸር ጎን ለጎን ክፈታቸው፣ ልዩነቱ በዓይንህ ይታይሃል። ላፕቶፕህ ሁለት ማሽን ካልቻለ የዋየርሻርክ ዊኪ ላይ ለልምምድ የተቀመጡ የካፕቸር ፋይሎች አሉ፣ ትንንሽ ናቸው፣ ብዙ ፓኬጅ አይበሉም፣ መብራት ሲጠፋም በባትሪ ትሠራባቸዋለህ። ቴልኔት ያለበትን ፈልግና ፊደሎቹ የቱ ጋ መደጋገም እንደሚያቆሙ አግኝልኝ፣ ካገኘኸው ጻፍልኝ።